ሞቷል ብዬ የጨፈርኩለት ወንድሜ

ፍላሜንኮ የሚባለውን የስፔን ጭፈራ የተማርኩት ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። በደርግ ዘመን ሮም ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥረን የምንሠራ ሴቶች እረፍታችን ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነበር። እሑድ የቤተ ክርስቲያን ነው። ሐሙስ ግን አብዛኞቹ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ተሰብስበው ከአገር ማን መጣ፣ ማን ታሰረ፣ ማን ተፈታ ይባባላሉ። እኔ እዚያ መቆም አልችልም ነበር። የራሴ ክፉ ወሬ ሞልቶኝ ስለነበር የሌላ ሰው የምጨምርበት ቦታ አልነበረኝም።

ወሬው ይህ ነው። ታላቅ ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ በአንድ ቲያትር ቤት ተወዛዋዥ ነበርኩ። በዚያ የሽብር ወቅት ወንድሜ አንድ ቀን ከቤት እንደወጣ ቀረ። እናታችን ያልጠየቀችው እስር ቤት፣ ያልተሳለችው ታቦት አልነበረም። አንድ ማለዳ መንገድ ዳር ከተጣሉት አስከሬኖች መካከል ቡናማ ጃኬቱን አየች። ክርኑ ላይ በገዛ እጇ የጣፈችው ጃኬት ነው። ፊቱ የሚለይ አልነበረም። ጠጋ ስትል ወታደሩ «የማን እናት ነሽ?» አላት። እቤት የቀረሁት እኔ ነበርኩና እኔን አስባ «የማንም» ብላ ተመለሰች። ድንኳን አልተተከለም። ማልቀስም ያስጠይቅ ስለነበር፣ ጎረቤት እንዳይሰማት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነው ያለቀሰችው።

ከዚያ በኋላ እኔን ከአገር ለማስወጣት ያልለመነችው ሰው የለም። በመጨረሻ ሮም የምትኖር ዘመዳችን አንድ ቤተሰብ ዘንድ ሥራ አገኘችልኝና ወጣሁ።

ሮም ውስጥ የቅርብ ጓደኛዬ አንዲት የአስመራ ልጅ ነበረች። አማርኛን የተማረችው በትምህርት ቤት ቢሆንም ከእኔ እኩል ትናገራለች፤ ስትቆጣ እንዲያውም ትበልጠኛለች። ቶር ፒኛታራ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ጣልያናዊት አሮጊት ትጦር ነበር። አንድ ሐሙስ እሷ ጋ ስሄድ ትራሙ ፒኜቶ ላይ ተበላሸና ውረዱና በእግራችሁ ሂዱ ተባልን። መንገድ ላሳጥር ብዬ በአንድ ጠባብ ሰፈር ውስጥ ሳልፍ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። አናጢ ቤት መሰለኝ። ግን አናጢ እንደዚያ አይመታም። ይቆማል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ የክረምት ዝናብ ይንዶቆዶቃል። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አንገቴን አስግጌ አየሁ።

ቦታው በእርግጥም የአናጢ ቤት የነበረ ነው፤ የእንጨቱ ሽታ ገና አልለቀቀም። ግን መካከል ላይ ቆመው ወለሉን የሚመቱት አንዲት ሽማግሌ ሴት ነበሩ፤ ረጅም ቀሚስ ላይ የሱፍ ሹራብ ደርበዋል፣ ፀጉራቸውን አስረው ማበጠሪያ ሰክተውበታል፣ ጫማቸው ሥር ምስማር ተመቷል። ጥቂት ጣልያናውያን ልጃገረዶች ግድግዳ ተደግፈው ያያሉ።

ሴትዮዋ ሳያቋርጡ «ወይ ግቢ ወይ ዝጊው፤ ብርድ እያስገባሽ ነው» አሉኝ። ጣልያንኛቸው እንደኔው የሰው አገር ጣልያንኛ ነበር።

ገባሁ። ጓደኛዬ ያን ቀን ጠብቃ ጠብቃኝ ተስፋ ቆረጠች።

ማኤስትራ ነው የምንላቸው፤ አስተማሪ ማለት ነው። የደቡብ ስፔን ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከአንድ የውዝዋዜ ቡድን ጋር ሮም መጥተው፣ አንድ ጣልያናዊ አግብተው፣ ባልየው ሲሞት እዚያው ቀሩ። እኔን ወዲያው ነው ያወቁብኝ። «ሙዚቃ ሲሰማ እግርሽ ዝም ብሎ መቆም አይችልም። የት ተማርሽ?» አሉኝ። አገሬ ተወዛዋዥ እንደነበርኩ ነገርኳቸው። «አሳዪኝ» አሉ። አፈርኩ፤ ግን ካፖርቴን አውልቄ ጥቂት አሳየኋቸው። ልጃገረዶቹ አጨበጨቡ። ማኤስትራ አላጨበጨቡም። «በጣም ያምራል። እዚህ ግን ትከሻ አያወራም፤ የሚያወራው እግር ነው። ትከሻሽን ዝም አሰኝተሽ መምጣት ከቻልሽ በሚቀጥለው ሐሙስ ነይ» አሉኝ።

ትከሻዬን ዝም ለማሰኘት ዓመት ፈጀብኝ። ምት ሲፋጠን ያለ ፈቃዴ ይነሳል፤ ማኤስትራ ከኋላዬ መጥተው በሁለት እጃቸው ወደታች ይጫኑታል። የተቀጠርኩበት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን እያጠብኩ በተረከዜ እለማመዳለሁ። ሲኞራዬ፣ የቤቱ እመቤት፣ መጀመሪያ ቧንቧው የተበላሸ መስሏት ሠራተኛ ልትጠራ ነበር። እኔ መሆኔን ስታውቅ ሳቀችና፣ «አሎራ፣ ኢትዮጵያዊት ቀጠርኩ ብዬ ስፔናዊት ነው የቀጠርኩት?» አለችኝ። ደግ ነበረች። በኋላ ማኤስትራ በየከተማው አደባባይ ወደሚያሳዩት ቡድናቸው ሲያስገቡኝ፣ አዳሪነቱን ትቼ በሰዓት እንድሠራላት ፈቀደችልኝ። ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴንም ከእሷ ጋር ሄደን ነው ያሳደስነው። እኔም ቶር ፒኛታራ ከጓደኛዬ ብዙም ሳልርቅ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ።

እንዲህ ከኋላ ረድፍ ስጨፍር ጥቂት ዓመታት አለፉ። ከዚያ አንድ በጋ ማኤስትራ ለሚቀጥለው ትርኢት ብቻዬን የምጨፍረው አንድ ሶሌአ እንዳዘጋጅ ነገሩኝ፤ የሌላ ሰው ሳይሆን ራሴ ያቀናበርኩት። ሶሌአ ከፍላሜንኮ ሁሉ ከባዱ ነው። ቀስ ብሎ ይጀምራል። ዘፋኙ እንደሚያስለቅስ አልቃሽ ድምፁን ይስባል፤ ጨፋሪዋ ለረጅም ጊዜ የምትራመድ እንጂ የምትጨፍር አትመስልም። ወደ መጨረሻው ግን ምቱ እየፈጠነ ሄዶ ቡለሪያ ወደሚባለው ይገባል። ቡለሪያ ሳቅና ጨዋታ ነው። ዘፋኙም ጊታሪስቱም እያጨበጨቡ ይነሳሉ፣ ጨፋሪዋም እየተሽኮረመመች ትወጣለች።

እኔ ማንን አስቤ እንደሠራሁት ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ በዚያ ማለዳ የተራመደችውን ነው የተራመድኩት፤ ጠጋ ማለቷን፣ መቆሟን፣ መመለሷን። ያን ሁሉ ዓመት ያላለቀስኩትን በተረከዜ አለቀስኩት። እቤቴ ስደርስ እግሬ ቢያብጥም ደረቴ ላይ ያለው ድንጋይ ትንሽ ቀለል ይለኝ ነበር። ነገር ግን የቡለሪያው ቦታ ሲደርስ ቆሜ ቀረሁ። ጊታሪስቱ አፋጠነ፣ እኔ አልተከተልኩትም። ጀርባዬን ሰጥቼ በዝምታ ወጣሁ።

«መጨረሻው የታለ?» አሉ ማኤስትራ።

«ያለቀው እዚህ ጋ ነው።»

«ልጄ፣ ሶሌአ እዚህ ጋ አያልቅም። ቤት ገብተሽ ተስተናግደሽ ደህና ዋሉ ሳትዪ እንደ መውጣት ነው።»

«ማኤስትራ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ በሳቅ ልጨርሰው አልችልም» አልኩና ነገርኳቸው። ጃኬቱን፣ ወታደሩን፣ ነጠላውን።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «በእኔም አገር እንዲህ ያለ ጊዜ ነበር» አሉ። «አባቴን ከቤት ወሰዱት። የት እንደጣሉት እስከ ዛሬ አላውቅም። ቫ ቤኔ፣ እሺ ይሁን። በዝምታ ጨርሺው።»

ትርኢቱ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ውስጥ ቅመም እየመረጥኩ ሳለ ጓደኛዬ እየሮጠች መጣች። ሐሙስ እዚያ እንደማልጠፋ ታውቃለች። ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ነው የመጣችው፤ እሷ ደግሞ ያለ ታኮ ጫማ ከቤት የማትወጣ ሰው ናት።

«ወንድምሽ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው?» አለችኝ።

«ነበረው። ምነው?»

«ነበረው አትበዪ። ቁጭ በዪ።»

የምቀመጥበት አልነበረም። የሽንኩርት ሣጥን ላይ አስቀመጠችኝ። ካርቱም ያለ የአጎቷ ልጅ ደውሎላት ነው። ከጎንደር በኩል ድንበር አቋርጦ የመጣ አንድ ሰው አብሮት ይኖራል። ጨዋታ ሲጫወቱ ሮም ዘመድ እንዳለው፣ እህቱም ተወዛዋዥ እንደነበረች ይነግረዋል። የአጎቷ ልጅ ደግሞ «ሮም የአክስቴ ልጅ አለች፣ የምትጨፍር ጓደኛ አለችኝ ስትል ሰምቻለሁ» ይለዋል። በዚህ በዚህ ተያያዘ።

«ስንት ጠባሳ ያለው ሰው አለ» አልኳት። እጄ ላይ የያዝኩት ድንብላል ተበትኗል።

«እሑድ ይደውላል። ራስሽ ትሰሚዋለሽ።»

ከሐሙስ እስከ እሑድ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት አላስታውስም። እሑድ ጓደኛዬ የምትጦራቸው አሮጊት ሳሎን ውስጥ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥን። አሮጊቷ ነገሩን ሰምተው ምርጥ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው አብረውን ተቀመጡ። ስልኩ ጮኸ። ጓደኛዬ አንስታ ለእኔ አቀበለችኝ።

መጀመሪያ የባሕር ድምፅ የመሰለ ነገር ብቻ ነበር። ከዚያ፣

«አንቺ ፌንጣ!»

ከእሱ በቀር ፌንጣ ብሎ የጠራኝ ሰው በዓለም ላይ የለም። ከመጠየቅ ግን አልተመለስኩም።

«ማነህ?»

«ማን ይሆናል? እኔ ነኛ።»

«እኔ ማን?»

«ከጎረቤት ጣሪያ ላይ አውርጄ በእናቴ ያስገረፍኩሽ።»

«ወንድም ጋሼ! አልሞትክም እንዴ?»

ከዚያ ያ የማውቀው ሳቁ መጣ፤ ከአፍንጫው የሚጀምር። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አልሞትኩም» አለ።

አሮጊቷ ቃሉ ባይገባቸውም ፊቴን አይተው ማማተብ ጀመሩ። ጓደኛዬ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እኔ አላለቀስኩም። ዝም ብዬ «አሃ፣ አሃ» እላለሁ። ገጠር ለገጠር ዓመታት እንደቆየ፣ ታሞ እንደነበር፣ መልእክት የሰጠው ሰው ሳይደርስ እንደቀረ፣ ደብዳቤ ቢጽፍ እናቴን እንዳያስይዛት እንደፈራ ነገረኝ። መጨረሻ ላይ ነው ያልኩት፦

«እማዬ ጃኬትህን አየችው እኮ። ሬሳ ላይ። በክርኑ ነው ያወቀችው።»

አሁን ሳቁ የለም።

«ለጓደኛዬ ሰጥቼው ነው» አለ ቀስ ብሎ። ስሙን ጠራው። ቤታችን እየመጣ ሽሮ የሚበላ፣ ዝምተኛ፣ የአንዲት ጠላ ሻጭ ብቸኛ ልጅ ነበር። «ብርድ በርዶት ሰጠሁት። ከዚያ ተለያየን። እሱ ተርፏል ብዬ ነበር እኮ የማስበው። ይህን ሁሉ ዓመት እሱ አዲስ አበባ አግብቶ ወልዶ ይኖራል ብዬ ነው የማስበው።»

የእኔን ደስታና የእሱን ሐዘን አንድ ስልክ ይዞት ነበር። «እግዜር ነፍሱን ይማር» አልኩት። እሱም «ይማር» አለ። የዚያን ልጅ ስም ጠርቶ ነፍስ ይማር ያለ ሰው ከእኛ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ለእናቴ መንገሩ ሌላ ጣጣ ነበር። ስልክ የምናናግራት በጎረቤት ቤት ነው፤ ጎረቤታችን ደግሞ የቀበሌ ሰው ናቸው፣ ስልኩም አይታመንም። እዚያው ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ ብዙ አሰብኩበት። እናቴ ወንድሜን ስትፈልግ በነበረበት ጊዜ፣ በሕይወት ካሳየኸኝ ብላ ለሰፈራችን ታቦት ጃንጥላ ተስላ ነበር። እሱ ትዝ አለኝና ደወልኩ።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ? ጃንጥላውን አግቢ።»

«የምን ጃንጥላ?»

«ያንን የተሳልሽውን።»

«እሱማ...» አለችና አቆመች። «ምን አልሽኝ?»

«ስለትሽ ደርሷል። ዛሬ ነገ ሳትዪ አግቢ።»

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ለጎረቤታችን ስትናገር ነው። «ምንም አይደለም ጋሼ፣ ጥርሴን አሞኝ ነው» ትላለች እየተንሰቀሰቀች። «ይቺ ክፉ ጥርሴ ናት።»

ስልኩን ዘግቼ የሳቅኩትን ሳቅ ጓደኛዬ ዛሬም ድረስ ታነሳብኛለች። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስኩት፤ ሳላቋርጥ፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ ማንም ሳይከለክለኝ። አሮጊቷ አንድ ኩባያ ሻይ በሎሚ አምጥተው እስክጨርስ አጠገቤ ቆሙ።

በማግስቱ ማኤስትራ ጋ ሄድኩና ሶሌአውን ለመለማመድ ቆምኩ። ጊታሪስቱ ጀመረ። አልሆነም። እርምጃው ከእግሬ ጠፍቷል። ሰውነቴ ሸክም እንደወረደለት አህያ መንደባለል ነው የሚያምረው። ማኤስትራ እጃቸውን አንስተው አስቆሙን።

«ምን ሆነሻል?»

«ማኤስትራ፣ ወንድሜ አልሞተም።»

በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፣ ከዚያ ተነስተው አቀፉኝ፣ ከዚያ ራቅ አድርገው አዩኝ። «ደስ ይበልሽ። ደስ ይበለን። ግን ማስታወቂያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል!» ብለው ጮኹ። ሦስታችንም ሳቅን።

«ሌላ ነገር ልጨፍር» አልኩ። «ያ ለሞተ ሰው የሠራሁት ነው፤ አሁን የሞተ ሰው የለኝም።» ይህን ካልኩ በኋላ ግን ትዝ አለኝ። ያ ልጅስ? የጃኬቱን ታሪክ ነገርኳቸው።

«እናትሽ ተራምዳ የሄደችው ወደ እሱ ነው» አሉ ማኤስትራ። «ያልተለቀሰለት እሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያውን አትንኪው፤ የእሱ ነው። መጨረሻውን ደግሞ አሁን ልትሠሪው ትችያለሽ።»

ሠራሁት። በቀሩት ቀናት ከአናጢው ቤት አልወጣሁም፤ ሲኞራዬም ሥራ አትምጪ አለችኝ። ሐዘኑን ምን አድርጌ ወደ ቡለሪያው እንደማሻግረው ነበር ጭንቁ። ሁለቱ እንዲሁ ቢቀጠሉ የሚያላግጥ ይመስላል። በመጨረሻ ያገኘሁት መቆም ነበር። በሐዘኑ መጨረሻ፣ ልወጣ ጀርባዬን ከሰጠሁበት ላይ፣ ሰው ስሜን የጠራኝ ያህል ቆምኩ። አዳመጥኩ። ዘፋኙም ጊታሩም ዝም አሉ። ከዚያ ተረከዜ እንዳላመነ ሰው አንዴ ነካ አደረገ። ደግሞ ነካ አደረገ። እንዲህ እንዲህ እያለ ፈጠነ። ደስታው መሃል ላይ ትከሻዬ አመለጠኝና ተነሳ። ደንግጬ አቆምኩ፤ ማኤስትራ መጥተው የሚጫኑት መሰለኝ። ከወንበራቸው አልተነሱም። «ተይው» አሉ። «ግን አንዴ ብቻ። እንደ ጨው ነው።»

የትርኢቱ ቀን አዳራሹ ትንሽ ነበር፣ ግን ሞልቷል። ፈርቼ ነበር፤ ከገባሁ በኋላ ግን ፍርሃቱ ጠፋ። መጀመሪያውን ለዚያ ዝምተኛ ልጅ ጨፈርኩለት። ሽሮ የሚበላበትን ወንበር፣ አንገቱን አቀርቅሮ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» የሚለውን እያሰብኩ። ቡለሪያው ሲመጣ የጓደኛዬ እልልታ ከአዳራሹ ኋላ ተሰማ። ጣልያኖቹ ዞር ብለው አዩዋት፤ ከዚያ እነሱም ማጨብጨብ ጀመሩ። ስወጣ ማኤስትራ ከመጋረጃው ጀርባ ፎጣ አቀበሉኝና «ለልጆቹም አንድ ትሠሪላቸዋለሽ። ለቡድኑም» አሉ። ሰው የሚጨፍረውን ማቀናበር ሥራዬ የሆነው በዚያች ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙ ሠርቻለሁ፤ ለአደባባይ፣ ለቲያትር፣ አንዴም ለሠርግ። ማኤስትራ ጉልበታቸው ሲደክም የአናጢውን ቤት ቁልፍ ሰጡኝ። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እኔ ሳስተምር «ትከሻ!» ብለው መጮኻቸውን ግን እስከ መጨረሻው አልተዉም።

እናቴ ጃንጥላውን ባገባች ማግስት የሄደችው የዚያ ልጅ እናት፣ ጠላ ሻጯ ቤት ነበር። ልጇ ካልሞተ፣ ጃኬቱን ለብሶ የወደቀው በዚያው ሰሞን የጠፋው ጓደኛው እንደሆነ ራሷ ደርሳበታለች። ይህን የነገረችን በኋላ፣ በሰው ነው። ያቺ ሴት ልጇ ከዛሬ ነገ ይመጣል ብላ እራቱን እያስቀመጠች ትጠብቅ ነበር። እናቴ በሩን ዘግታ፣ ያየችውን ነገረቻት። የራሷን ልጅ ያለቀሰችበት ነጠላ ለዚያች እናት ሆነ። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በኋላ አልተለያዩም፤ ቤተ ክርስቲያንም አብረው ነው የሚስሙት።

በአንድ የቤተ ክርስቲያን ድርጅት እርዳታ የወንድሜ ወረቀት እስኪያልቅ ብዙ ወራት ጠበቅን። ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወጣ ሳላውቀው ሊያልፈኝ የነበረ አንድ ቀጭን ጥላ ነበር። ፀጉሩ ሸሽቷል። ጠባሳው ግን ቦታው ላይ ነው። ተቃቅፈን ስንቆም የመጣበት አውሮፕላን ሰው ሁሉ ወጥቶ አለቀ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶር ፒኛታራ በአንድ የሰበካ አዳራሽ ስንጨፍር ፊት ረድፍ ላይ አስቀመጥኩት። ስለ ውዝዋዜው ምንም አልነገርኩትም። ሲያልቅ ወደ መልበሻ ክፍሉ መጣ። ላቤን እየጠራረግሁ፣ ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ።

«እኔ የምልሽ» አለ፣ «ይህ ወለል ምን በድሎሽ ነው?»

ፎጣውን ወረወርኩበት። ቀልቦ ያዘውና ጎንበስ ብሎ እጥፍ አድርጎ አስቀመጠው። «መጀመሪያው የጓደኛዬ ነው፣ አይደል?» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«ሲራመድ እንደዚያ ነበር። ቀስ ብሎ፤ ሰው እንዳይረብሽ።»

በማግስቱ ጠዋት የማስተምረው ክፍል ነበረኝ። ወንድሜ ባነጠፍኩለት አልጋ ላይ እግሩ ተርፎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። መስኮቱን ቀስ አድርጌ ከፈትኩለት፣ ዳቦውን ሸፈንኩለት፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ በባዶ እግሬ ደረጃውን ወረድኩ። ደረጃው ግርጌ ተቀምጬ ጫማዬን ሳደርግ አንዲት ሴት «ምን ያስቅሻል?» የምትል መስላ አየችኝ። ፈገግ ማለቴን አላወቅሁም ነበር። የራሴን ሰው እቤት እንደተኛ ትቼ ወደ ሥራ መሄዴ እኮ ነው፤ ሌላ ምንም የለም።